ወንበሬ፣ የአሰገደች ኮድና የጥሩሰው ልጆች

እሑድ፣ ጥቅምት 2

እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ዛሬም ስልክ ብቻ። "ሰብሊዬ፣ ተራዬ የት ደረሰ?" እስከ ምሳ ድረስ ስልሳ ጊዜ ሳልሰማው አልቀረሁም። ዘጠኝ ዓመት ይኸው ነው ሥራዬ... ከወደብ የሚጭኑትን የከባድ መኪና ሾፌሮች ተራ ደብተር ላይ መጻፍ፣ ለጠየቀኝ መንገር።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ሙሴ ሱፊያን አንዲት ሴት ይዞ ገባ። ቀና ብል አሰገደች። ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ የማውቃት፣ አርባውን ካለፈች የቆየች። ሱቋን ዘግታ ሆዳን ሰፈር ያለው ኮዲንግ ትምህርት ቤት አራት ወር ልትማር ገባች ሲባል ያልሳቀ ሐበሻ አልነበረም። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ዛሬ ሾፌሮች ተራቸውን በስልካቸው የሚያዩበት ፕሮግራም ሠርታ መጣች። ስታስረዳን ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እኔስ ትምህርት ቤቱ ብገባ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

መቶ አርባ ሾፌር ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሁ። "ኖም" የሚለው የፈረንሳይኛ የቤተሰብ ስም ሳጥን ላይ የአባት ስም፣ "ፕሬኖም" ላይ የራስ ስም። እዚህ አገር ስንት የመኖሪያ ፈቃድ ቅጽ እንዲህ ሞልተናል... እጄ ለምዶታል።

ከሰዓት ስልኩ ዝም አለ። ጆሮዬ አረፈ። ግን... ነገ ምን ልሠራ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከሆዳን የትምህርት ቤቱን ወረቀት ይዤ መጣሁ። አዲሱ ዙር ጥቅምት 23 ይጀምራል። ሙሉ ቀን ስለሆነ ከሥራ ጋር አይሆንም። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ተማሪ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። እንደዚህ የሚያስቅ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ለሙሴ ሱፊያን እንደ ቀልድ ጣል አደረግሁለት።

"ሂጂ" አለኝ። "ወንበሩ ግን አይጠብቅሽም። የእህቴ ልጅ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች።"

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አልወሰንኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ደጉ ጥሩሰው። ስንት ዓመት የማውቀው፣ ቁጣው ሁሌ በቀልድ የተጠቀለለ ሾፌር።

"እኅቴ፣ ሦስት ቀን መኪናዬ ሥር ተኝቻለሁ። ስልኩ ስሜን አያውቀውም። ወንድሜ ታዬ ከኔ ኋላ ተመዝግቦ፣ ጭኖ የጋላፊን ድንበር ተሻግሯል።"

ደብተሬን ገለጥኩ። ደጉ ጥሩሰው፣ ታዬ ጥሩሰው። ፕሮግራሙን ከፈትኩ... አንድ ጥሩሰው ብቻ። ሁለተኛውን ሲያይ ያው ሰው ተደገመ ብሎ የፊተኛውን ሰርዞታል።

"አባታችን አንድ ነው" አለ ደጉ። "መኪናችን ግን ሁለት ነው በይው ስልኩን።"

አሰገደች ጋ ደወልኩ። "አንቺ ነሽ ያስገባሽው" ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚያ ፀሐይ ሾፌሮቹ ተራ የሚጠብቁበት መኪና ማቆሚያ ድረስ መጣች፤ የደጉ መኪና ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፋ ላፕቶፗን ከፈተች። ሾፌሮቹ ከበቧት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ሁሉም እየሰማ። "አንድን ሰው ከሌላው በቤተሰብ ስም እንድለይ ነው የተማርኩት። እኛ የቤተሰብ ስም እንደሌለን እያወቅሁ ዝም ብዬ ጻፍኩት። ደጉ፣ አንተ በምን ብትታወቅ ይሻልሃል?"

"በሰሌዳ ቁጥሬ። ስሜን እናቴ ናት የምታውቀው፣ ሰሌዳዬን ግን ፖሊሱ ሁሉ በቃሉ ይዞታል።"

ከኋላ አንዱ ጣልቃ ገባ። "አሰግዬ፣ ጨርቅ መለካቱ ሳይሻልሽ አልቀረም።"

ቀና እንኳ አላለችም። "ያኔም እሳሳት ነበር። ጨርቅ ግን አንዴ ከቆረጥኩት አይመለስም። ይኼ ይመለሳል።"

ከምሳ በፊት ደጉ ተራው ወጣለት። ሌሎች አራት ወንድማማቾችም ተገኙ፤ ዝም ብለው ሲጠብቁ የነበሩ።

ውሃ ስንጠጣ ጠየቅኋት። "እውነቱን ንገሪኝ፣ ወንበሬን የሚያስለቅቅ ትምህርት ነው?"

"ሥራ እናስይዝሻለን ሲሉሽ እንዳታምኛቸው። ከኛ ዙር ግማሹ ዛሬም ሥራ ፈላጊ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።"

"ታዲያ ምን አተረፍሽ?"

"ሲበላሽ አልደነግጥም። የት ጋ እንደተበላሸ እፈልገዋለሁ።"

ወደ ሰፈሬ ሃያብለ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ እሷን ብቻ ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ለሙሴ ሱፊያን ነገርኩት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለ። አይደለሁም አልኩት። እውነቴን ነው። ደብተሩን ለእህቱ ልጅ አስረከብኩ... እጀ ጽሑፌን አላነብም አለች፣ እርጉም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

የመጀመሪያ ቀን። መምህሩን በዕድሜ ሳልበልጠው አልቀረሁም። ጠዋት ከተናገረው ግማሹ አመለጠኝ። ደጉ በልማዱ ደወለ፣ "ሰብሊዬ፣ ተራዬ..." "እዚያ የለሁም ደጉዬ፣ ስልክህን እይ" አልኩት። ዘግቼ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

ከሰዓት መምህሩ ሰሌዳው ላይ የተማሪዎች መዝገብ ሠራ። መለያው "ኖም"። ሁሉም ይገለብጣል። እጄ ራሱ ተነሣ።

"ሁለት ወንድማማቾች ቢመዘገቡስ?"

ሰሌዳውን አየ። እኔን አየ። "ቀድሞ የት ተምረሻል?"

"መኪና ማቆሚያ።"

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን ዳስተሩን አንሥቶ መጥረግ ጀመረ።