ባዶውን አየር የቆረጥኩበት ቀን

ለምሳሳልሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ከስፌት መኪናው ስትነሺ አሁንም ያስቃስትሻል? የእማዬ ዓይን፣ የአባዬ ሳልስ እንዴት ሆነ? ያቺ ቁጭ የማትል ልጅሽስ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከክፉ ሰው በስተቀር ደህና ነኝ።

እዚህ ያለችው የአክስታችን ልጅ «ማሽን ሰብራ ከሥራዋ አወረዷት» ብላ እንደነገረቻችሁ ሰምቻለሁ። ማውረዱንስ አወረዱኝ፤ መጥረጊያም አስያዙኝ። ጥፋቱ ግን የኔ አልነበረም።

ሲኤንሲ የሚሉትን፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት የሚቆርጠውን ማሽን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ዲግሪዬ የታሪክ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሶፍትዌሩን አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ጭኜ፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ ስሳሳት እየደገምኩ ነው የለመድኩት። ፎርማናችን፣ ሠራተኛው ከጀርባው «አፈ ቅቤ» የሚለው ሰውዬ፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ጌም አይደለም» እያለ ይስቅብኝ ነበር። መሰርሰሪያው ከልክ በላይ ወርዶ የተሰበረ ዕለት ግን አልሳቀም፤ ሁሉም እንዲሰማ «አላልኳችሁም?» አለ። ቦታዬን ለአማቹ ሲመኘው እንደኖረ የማያውቅ የለም።

ባለፈው ሰኞ ያው ሰው ፈገግ ብሎ መጣና «ነይ የኔ እመቤት፣ የወርክሾፑ ባለቤት ባሉበት አንድ ዕድል ይሰጥሽ» አለኝ። ደግነቱ ጎረበጠኝ። ማሽኑን አዘጋጅቼ፣ እጄን ልታጠብ ሄጄ ተመለስኩ። አንቺ ፔዳሉን ሳትረግጪ መርፌውን በእጅሽ አዙረሽ እንደምትሞክሪው፣ እኔም ብረቱን ፈትቼ ፕሮግራሙን በባዶ አየር ላይ አስኬድኩት። መሰርሰሪያው መቆም ያለበትን አልፎ ቁልቁል ወረደ፤ ቀዩን ማቆሚያ መታሁት። ማሽኑ ምን ያህል መውረድ እንዳለበት የሚያውቅበት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባሁት የመሰርሰሪያ ርዝመት ቁጥር ተቀይሯል!

ቁጥሩን አስተካክዬ ብረቱን መልሼ አሰርኩና ባለቤቱ ሲመጡ ፊታቸው ሠራሁት። ባለቤቱ ለክተው «ልክ ነው» አሉ። አፈ ቅቤ ግን ሥራውን ዞር ብሎም አላየ፤ በቀጥታ ሄዶ ስክሪኑ ላይ ያንኑ የርዝመት ቁጥር አፍጥጦ ያይ ጀመር። ልክ የወጣ ሥራ ፊቱ እያለ ያንን ቁጥር ማን ይፈልጋል፣ የቀየረው ካልሆነ? የፊተኛው መሰርሰሪያም በማን እጅ እንደተሰበረ ያኔ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አልኩት።

«ኧረ ምንም፣ ዝም ብዬ ነው» አለ፣ ጆሮው እስኪቀላ።

ማሽኑ ተመልሶልኛል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ቆመው እያዩ አንድም ነገር አለመጠየቃቸው ግን አላማረኝም። አፈ ቅቤም በየጠዋቱ ሻይ ይጋብዘኛል። እጠጣለታለሁ፤ ቁጥሮቼን ደግሜ ሳላይ ግን አንድ ብረት አልነካም። «ተይውና ተመለሺ» ላልሽው፣ አልመለስም እትዬ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አባዬን «ልጅህ መጥረጊያውን አስረክባለች» በይልኝ። ትንሿን ጉንጯን ንከሽልኝ። ላንቺ ያንኑ የሰኞውን ብረት ልኬልሻለሁ፤ ጨርቅ ስትቆርጪ መጫኛ ይሁንሽ። ቀዳዳው ልክ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ መጀመሪያ ግን በሜትርሽ ለኪው፤ የኔንም ቃል ቢሆን እንዲሁ አትመኚ።

እህትሽ
ከመስኮቱ ሥር ካለው ማሽን አጠገብ
ሰኔ 12 ቀን