ፍሪሲዮኑ የተቃጠለበት መንኮራኩር

ኮዬ ፈጬ፣ ግንቦት 10 ቀን

ለአባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ዝናብ ሲያካፋ ይብስበታል ትላለች እማ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር እማ ሠርግ የተጠራች ይመስል ባልዲ ይዛ ትሯሯጣለች። እኔም አለሁልህ፣ ሥራዬም ደህና ነው።

የእኔን ጽሑፍ ስታይ መደንገጥህ አይቀርም። አይዞህ፣ ማንም አልሞተም። በስልክ የማልነግርህ ድምፅህን ስሰማ አፌ ስለሚተሳሰር ነው። እማ በየዓመቱ ለአረፋ ወራቤ ስትመጣ እኔ አንዴ ፈተና፣ አንዴ ሥራ፣ አንዴ ጉንፋን እያልኩ ስቀር አንድም ቀን ለምን ብለህ አልጠየቅከኝም። ዘንድሮ ግን እኔ አንተን አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ልፈነዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌግራም ላይ ቻናል አለኝ። የቆዩ ሳይንሳዊ ልብወለዶችን እያነበብኩ አስተያየት እጽፋለሁ። ሮቦቱ፣ መንኮራኩሩ፣ ከሌላ ፕላኔት የሚመጣው ጉድ፣ ምኑ ቅጡ! ሥራ ፈት አትበለኝ፤ ሦስት ሺህ ሰው ይከተለኛል። ባለፈው ወር ታዲያ ስለዚያ ስለ አንተ መጽሐፍ ጻፍኩ፤ ማረሚያ ቤት ሳለህ ከቤተ መጻሕፍቱ ተውሰህ እሁድ እሁድ ትተርክልኝ ስለነበረው።

አሥር ዓመቴ ነበር። ስትነዳው በነበረው መኪና አደጋ ተፈርዶብህ የገባህ ሰሞን ነው። እማ ያመጣችውን ምሳ ታስረክባለች፣ እኔ አጥሩን ይዤ እቆማለሁ፣ አንተ ከማዶ ትጮኻለህ። ግራ ቀኙ ጠያቂ ሁሉ ይጮኻል። ስለ ጠበቃ፣ ስለ ታመመ ልጅ፣ ስለ ቤት ኪራይ። አንተ ብቻ ስለ ጨረቃ ትጮህ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም እሁድ ሳትዘል።

ጥፋቴን ልንገርህ። በቃሌ የማውቀውን መጽሐፍ ምን ብዬ ፈልጌ አነባለሁ ብዬ አንድ ገጽ ሳልገልጥ ጻፍኩ። ድፍረቴ! በተለይ ያን ምዕራፍ አሞገስኩት አሞገስኩትና ሰማይ ሰቀልኩት፤ መንኮራኩሩ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሦስተኛዋ ጨረቃ ላይ ሲቆም፣ ባለ አራት ዓይኑ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ተጓዡ መካኒክ ፍለጋ በእግሩ ሲዞር።

አባዬ፣ የዚህ መጽሐፍ አፍቃሪዎች ለካ አይነኩም! የራሳቸው ግሩፕ አላቸው። አለቃቸው ጋሽ ቀናው ይባላሉ፤ ከአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጡ፣ መጽሐፉን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያነበቡ ሰው ናቸው። ፍሪሲዮን የሚቃጠለው በየትኛው ገጽ ነው ብለው ጠየቁኝ። እሳቸውን ተከትለው ሌሎቹ ወረዱብኝ። አንዷ በሕልሟ ነው ያነበበችው አለች። አንዱማ ይሄን የጻፈላት ኤአይ ነው ብሎ ማለ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ አልሸነፍም፤ እናንተ በደንብ አላነበባችሁም ብዬ መለስኩ። ወይ ጉድ!

በመጨረሻ ጋሽ ቀናው እቤቴ ነይና በዓይንሽ እይ አሉኝ። አቃቂ ድረስ ሄድኩ። መጽሐፉን ከማዋስ ነፍሴን ላውስ የሚሉ ዓይነት ናቸው። እጄን አስታጥበው በረንዳው ላይ አስቀመጡኝና እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያንዳንዱን ገጽ ስገልጥ ይጠብቁኝ ጀመር። ዘጠና አራት ገጽ። ስምንት ምዕራፍ። ተጓዡ ገና አንደኛዋ ጨረቃ ላይ ያርፋል፣ ወደ ምድር ዞሮ ያያል፣ አለቀ። ሦስተኛ ጨረቃ የለም። ትራፊክ የለም።

መጽሐፉ ያለቀብህ በሁለተኛው ወር ነው ማለት ነው። የቀረውን ከየት አመጣኸው? ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ ነበር የምትከርመው ወይስ አጥሩ ጋ ስትደርስ ነው የሚመጣልህ? እዚያው በረንዳው ላይ ሳቅኩ። መንኮራኩር በፍሪሲዮን የሚሄድ ሾፌር ሲተርከው ብቻ እንደሆነ እንዴት ሳይገባኝ ቀረ! ከዚያ አለቀስኩ። ጋሽ ቀናው ግራ ገብቷቸው ውሃ አመጡልኝ፤ መጽሐፉንም ከእንባዬ አራቁት።

ስሕተቴን አምኜ ቻናሉ ላይ ይቅርታ ጠየቅኩ። ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ፈለቀች የሚባሉ እናት ጻፉ። መጽሐፉን አላውቀውም፣ ሦስተኛዋን ጨረቃ ግን አውቃታለሁ አሉ። ባለቤታቸውን ሊጠይቁ ማረሚያ ቤት ሲመጡ አንድ ሾፌር ለልጁ እየጮኸ ይተርክ ነበር፤ እሳቸውና ባለቤታቸው የራሳቸውን ጨዋታ ትተው ያዳምጡ ነበር። ባለቤቴ ሞቷል፣ ያን መንኮራኩር ግን ብዙ ጊዜ ያነሣው ነበር፣ ተጠግኖ ተነሣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሌሎችም ተከተሉ። አንዱ ያኔ ጠባቂ ነበርኩ፣ ሰዓት ሲያልቅ ትረካው እስኪያበቃ እያየሁ እንዳላየ እሆን ነበር አለ። ጋሽ ቀናው እንኳ ከስምንት ቀን በኋላ ዘጠነኛው ምዕራፍ ከስምንቱ አይተናነስም አሉ። ይህን ለማለት ምን ያህል እንዳመማቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ ምን ልመልስላቸው? መጨረሻውን አላውቀውም። ልትፈታ ስትል ቀሪውን ቤት ስመጣ አልከኝ። ቤት ስትመጣ እንግዳው በዛ፣ ቀኑ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የረሳሁትን ምሳ እቃ ይዘህ ትምህርት ቤት መጣህ። ጓደኞቼ ማነው አሉኝ። አጎት እንኳ የሌለኝ ልጅ አጎቴ ነው አልኩ። የታሰረ አባት እንዳለኝ እንዳያውቁ ነበር። ሰምተኸኛል። ፈገግ ብለህ አዎ፣ አጎቷ ነኝ አልካቸው። በሦስተኛው ቀን ወራቤ ወፍጮ ቤት ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድክ። አሥር ዓመት ሙሉ ሥራ ሊሠራ ነው የሄደው እያልኩ ራሴን ዋሸሁ። አፍሬብህ ነበር አባዬ። አሁን የማፍረው በራሴ ነው። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

ከእማ ጋር ለአረፋ ልምጣ? ታጁ፣ ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያለው፣ ነገ ወደ እናንተ ስለሚወርድ ይህን በእሱ ልኬዋለሁ፤ አትምጪ ካልክም ለእሱ ንገረው፣ አልቀየምህም። ነይ ካልከኝ ግን መጨረሻውን ሳልሰማ አልመለስም፤ እነ ፈለቀችም እየጠበቁ ነው።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጉልበትህን ያጽናው፣ ፊትህን ለማየት ያብቃኝ።

ልረሳው ነበር። ሰዉ ሁሉ የዚያ ምዕራፍ ደራሲ ማነው፣ ስሙን ንገሪን ብሎ ወጠረኝ። ቻናሉ ላይ እስከ ዛሬ ናዕማ ብቻ ነበርኩ፤ የአባት ስም አልጻፍኩም። ትላንት ከሰዓት ናዕማ ከሚለው ቀጥዬ ያንተን ስም ጻፍኩበትና እሱ ነው አልኳቸው።

ልጅህ