በአዴ ዳሜ ጡት ያደጉት ሲስተር የወይንሐረግ እሸቴ (1958–2018 ዓ.ም.)

በ1958 ዓ.ም. ክረምት ሱሉልታ ላይ ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ አላባራም። ሜዳው ውኃ ተኛበት። የተዘራው ገብስ በስብሶ ቀረ፤ ከብት በየበረቱ ሞተ። ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና አልነበረም።

በነሐሴ አጋማሽ የአቶ እሸቴ ወልደሰንበት ባለቤት ወ/ሮ ሰናይት ምጥ ጠናባቸው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟቸው ወጣ። ወንዙ አላሻግር ስላለ ዳሩ ላይ ወለዱ። ደማቸው አልቆመም፤ ወንዙ ሳይጎድል አረፉ። ልጅ ተረፈ። ሲስተር የወይንሐረግ እሸቴ የተወለዱት እንዲህ ነው። አባታቸው ከመንዝ መጥተው በመንገድ ሥራ የተቀጠሩ ሰው ነበሩ።

ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ጎረቤታቸው ኦቦ ዲንቃ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ባለቤታቸው አዴ ዳሜ የሦስት ወር አራስ ነበሩ። ልጃቸውን ቶሎሳን በአንዱ ጡት፣ ሲስተር የወይንሐረግን በሌላው እያደረጉ ሁለት ዓመት አጠቡ። በዚያ በተራበ ዘመን ለሁለት ማጥባት ምን እንደሆነ ያየ ያውቃል። ሲስተር አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ነው። አማርኛ የለመዱት አባታቸው ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሱሉልታ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአዲስ አበባ ተምረው በ1980 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። በሰሜን ሸዋ ገጠር ጥቂት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ወደ ቡራዩ ተዛወሩ። በ1984 ዓ.ም. የሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ የነበሩትን አቶ ኤርምያስ በላቸውን በቅዱስ ቁርባን አገቡ፤ ሰለሞንንና ሩቲን ወለዱ። ቤታቸውን ሰበታ ሠርተው ቡራዩ ድረስ በአየር ጤናና በአስኮ ታክሲ እየቀያየሩ ሲመላለሱ ኖሩ። ማርፈዳቸውን የሰማ የለም።

በየዓመቱ ለመስቀል ሱሉልታ ሄደው አዴ ዳሜን ይጠይቁ ነበር። ጋቢ ሲወስዱላቸው ይቀበላሉ። የጡቱን ብድር ሲያነሱ ግን አዴ ዳሜ ይስቁባቸዋል። «ኢንተለ ኮ፣ ላም ለጥጃዋ ሒሳብ ትይዛለች እንዴ?» ይሏቸዋል፤ «ኢንተለ ኮ» ልጄ ማለታቸው ነው። ሲስተር አይስቁም ነበር። ይህን ዕዳ ይዤ እንዳልሞት እያሉ ይመለሳሉ።

ሥራ ሲጀምሩ የበሽተኛ ካርድ በመደርደሪያ ተከምሮ አይጥ ይበላው ነበር። የፅንስ ልብ የሚያዳምጡትም ቀንድ የመሰለ ነገር በእናትየዋ ሆድ ላይ አቁመው፣ ጆሮ ደግፈው ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ ሱሉልታ ጤና ጣቢያ ሲዛወሩ ኮምፒውተር ገባ። ቆይቶ በእጅ የሚያዝ፣ ከስልክ ጋር የሚሠራ አልትራሳውንድ መጣ። ምስሉን በቴሌግራም ይልኩታል፤ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ባለበት ሆኖ ያያል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ወደ ወረቀት ይመለሳል። ሲስተር ይህን ሁሉ ያጠኑት እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጃቸውን ሩቲን አጠገባቸው አስቀምጠው ነው። ሩቲ ስትቸኩል «ቀስ በይ፣ እኔ የተማርኩት በጠመኔ ነው» ይሏት ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንዲት ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት በባጃጅ መጣች። አማቷ ሎሚቱ ብለው አስመዘገቧት። ኮምፒውተሩ በዚህ ስም የቀደመ ክትትል የላትም አለ። አዋላጁ ከድሩ በእጅ ሊመረምራት ጓንት አጠለቀ። ሲስተር ግን የአገሩን ልማድ ያውቃሉ፤ ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች።

«ቆይ ከድሩ፣ እንዳትነካት» አሉና ወደ አማቷ ዞሩ። «እናቷ ያወጣችላት ስም ማን ነው?»

«እኔ ያወጣሁላት ምን ጎደለው?» አሉ አማት።

ልጅቷ ራሷ መለሰች፤ «አያንቱ ቶሎሳ ዲንቃ።»

በዚህ ስም ሲፈለግ ቡራዩ፣ አበባ እርሻ ስትሠራ የጀመረችው ክትትል ተገኘ። ምስሉ የእንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር እንደዘጋ ያሳያል። በእጅ ቢነካ ደሙ የሚቆም አልነበረም። ሲስተር ምስሉን ለሐኪሙ ላኩ። ሐኪሙ ሳትነኩ አምጧት ብሎ ደም አስዘጋጅቶ ጠበቀ። አምቡላንሱ ውስጥ እጇን ይዘው የሄዱት ሲስተር ናቸው። አብሯቸው የጠባው የቶሎሳ ልጅ እንደሆነች ስሟን ሲሰሙ አውቀዋል። አያንቱ በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናትም ልጅም ዳኑ።

ሲስተር የወይንሐረግ በ2017 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሥራ አቆሙ። በሳምንት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ እየሄዱ እጥበት ይደረግላቸው ነበር። ማሽኑ ሲጮህ ነርሶቹን ቀድመው ምክንያቱን ይጠይቁ እንደነበር አብረዋቸው የታከሙ ነግረውናል። ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ሰበታ በቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ኤርምያስ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው አቶ ጌታቸው እሸቴ በሕይወት አሉ። ብዙ ሕፃን ወደዚህ ዓለም የተቀበሉ እጆቻቸውን አምላክ በመንግሥቱ ይቀበልልን። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

ላስታመማችሁ፣ ለዕድርተኞች፣ ከሱሉልታና ከቡራዩ ለመጣችሁ ሁሉ፣ ብድር መላሽ ያድርገን።

ለአዴ ዳሜ ግን ይህን አንልም። ባለፈው ዓመት ሲስተር አልጋ ላይ ሳሉ፣ አያንቱን ከነልጇ አስከትለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ከሱሉልታ ሰበታ ድረስ መጡ። ሕፃኑን በሲስተር እቅፍ አስቀመጡና «ኢንተለ ኮ፣ ላሟ ሒሳቧን ዘግታለች» አሉ።

ያን ቀን ሲስተር ሳቁ።