ፀሐይ የማትጠልቅበት መስመር

ሰኔ 11 ቀን፣ ሐሙስ

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ እንደምን አለሽ?

የወንድምሽን ነገር የሰማሁት ልብስ ሳሰጣ ነው። አጎትሽ የሥራ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። "እትዬ፣ ተቀመጪ" አለኝ። ያኔውኑ ገባኝ።

በስልክ "ኤሌክትሪክ ያዘው" ብለው ብቻ ነግረውሻል። እንዴት እንደሆነ ከእኔ ስሚው።

አዲሱን ጣቢያ ታውቂዋለሽ፤ ሰማይ ላይ ከተሰቀሉት የፀሐይ ሰሌዳዎች የሚላከውን ኃይል ተቀብሎ ከከተማው መስመር ጋር የሚያገናኘውን። ወንድምሽ፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ መብራት ጠፋ ብለሽ የምትረግሚው ሰው አታገኚም" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አልጠፋም። ይህንንም የምጽፍልሽ በእሱው ብርሃን ነው።

እነወንድምሽ የለመዱት መሬት ላይ ያሉትን የፀሐይ ሰሌዳዎች ነው። የእነዚያ መስመር ሲበላሽ ጀምበር እስክትጠልቅ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ኃይል ስለሌለው በመሞከሪያ እንኳ ሳያዩት ምሶሶው ላይ ይወጣሉ። ከሰማይ የሚመጣው ግን ማታም አይቋረጥም። ይህ ተነግሯቸው ነበር፤ ግን ልማድ ሆነባቸው።

የዚያን ዕለት የወንድምሽ አለቃ አጎትሽ ነበር። በአዲሱ ጣቢያ መስመር ላይ አንድ ማሰሪያ ላልቶ ነበር።

"ጀምበሯ ገብታለች፣ ውጣና እሰረው፤ እራታችን ሳይበርድ" አለው።

"አንተ ደግሞ ከሆድህ ሌላ አታውቅም" ብሎት እየሳቀ ወጣ።

ይህን ማንም ሳይጠይቀው የነገረኝ ራሱ አጎትሽ ነው። አለቆቹ "ልጁ ሳይታዘዝ ወጣ" ብለው ጉዳዩን ሊዘጉ ሲሉ፣ "እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አላቸው። ከሥራ አባረሩት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየመጣ ደጃፌ ላይ ይቀመጣል።

"እሱ በሚረግጠው ቤት አልገባም" ማለትሽን ሰምቻለሁ። አልፈርድብሽም። እኔም ግባ ማለት አቅቶኝ ነበር። ትናንት ግን ዝናብ ጣለ፣ እሱም አልተነሳም። ሳላስበው "ና ግባ" አልኩት። ገብቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ይቅር ብዬዋለሁ አልልሽም፤ ገና አላውቀውም። ግን አባታችሁ ከሞተ በኋላ እናንተን ያሳደገው እሱ ነው፣ ወንድምሽንም ከምሶሶው ያወረደው በገዛ እጁ ነው።

ነይልኝ። ባታናግሪውም ነይ። ቤቱ ለብቻዬ ሰፋኝ።

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። ደብዳቤዬን አብረውሽ ለሚኖሩትም አንብቢላቸው። እናንተም የምትሰሙ፣ ልጄን ባታውቁትም ስለ ነፍሱ ጸልዩልኝ። እኔ ጸሎቱን ስጀምር እያለቀስኩ አልጨርሰውም።

እናትሽ