የእናትነሽ ጀሪካን

ነሐሴ 3፣ ጧት 2 ሰ.
ዛሬም ሁለት ጀሪካን ቀዳሁ። ጉና ተራራ ላይ ዝናብ ሲጥል አድሮ ሜዳው ባሕር ሆኗል፤ ጉብታችን መሀል ላይ ቀርቷል። እስከ መስከረም እንዲሁ ነው። ጎርፉ አይጠጣም፣ ያለን የእጅ ፓምፕ አንድ። ለአንድ ነፍስ በሁለት ቀን አንድ ጀሪካን፣ ከአምናው መዝገብ ስም እየተጠራ። ወረፋ ጠሪው ሞላ፦ እናትነሽ። እኔ፦ አቤት።

ባለቤቴ እናትነሽ ካረፈች ዘጠኝ ወሯ። ከመዝገቡ የፋቃት የለም። ሐምሌ ላይ ስትጠራ «አቤት» ከአፌ አምልጦኝ ነበር። ዛሬ ግን አላመለጠኝም፣ ደብተሬ። ስሟን ሰው ሲጠራው ልስማ ብዬ ጠበቅሁ።

ነሐሴ 5
እንደገና። የቀበሯት ሁሉ ተሰልፈዋል፣ ትንፍሽ ያለ የለም። ይሉኝታ። ሞላ ዐይኑን ከመዝገቡ አላነሳም።

ውሃዋን በእንስራዋ ገለበጥሁት። አልጠጣውም። የፊተኛውን ጓሮ ደፋሁት። ፍልሰታን እየጾምሁ።

ነሐሴ 7፣ ከቅዳሴ መልስ
ዘነቡ የምትባል፣ ታች ሜዳ ያለ ቤቷ ውሃ የገባባት፣ ጨቅላዋን አዝላ ሞላ ቤት ተጠግታለች። መዝገብ ላይ የለችም። ድርሻ ብትጠይቅ ሞላ፣ ፓምፑ አርጅቷል፣ ከዚህ በላይ አይታለብም አላት። ሰዉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።

ኋላ ጓሮ ስደፋ አየችኝ። ስለ ውሃው አላነሳችም። «አባባ፣ እትዬ እናትነሽን አሟቸው ነው? ስማቸውን እንጂ እሳቸውን አላየሁም» አለች።

ደህና ናት አልኋት።

ነሐሴ 9፣ 11 ሰ.
የዘነቡን ሕፃን ተቅማጥ ይዟታል። ማገዶው እርጥብ፣ እናቷ የጎርፉን ውሃ ሳታፈላ አጠጥታታለች። ዛሬ የቀዳሁትን የእናትነሽን ጀሪካን ይዤ ሄድሁ። ዘነቡ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። እትዬን እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ አለች።

እሺ ብዬ መጣሁ። እሺ።

ነሐሴ 10
ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ልጄ፣ ለእኔ የነገርኸኝን ሰልፉም ያውቀዋል፤ የማታውቀው ያቺ ሴት ብቻ ናት አሉኝ። ቁርባን እንዳልቀርብ አልከለከሉኝም። እኔው ራሴ ቀረሁ።

ነሐሴ 11፣ ጧት
ሕፃኗ ጡት ይዛለች፣ ተመስገን። እንስራዋን አጥቤ አፉን ወደ ታች ደፋሁት። አንድ ጀሪካን ብቻ ይዣለሁ። ስሟ ሲጠራ፣ ዘነቡ ባለችበት፣ አርፋለች እላለሁ። በቦታዋ ዘነቡን ጻፍ እላለሁ። እስከ ዛሬ በአፌ አርፋለች ብዬ አላውቅም፣ ደብተሬ። ሞላ መጥራት ጀምሯል፣ ከዚህ ይሰማል። ከእኛ በፊት ሦስት ቤት ቀርቷል፣ ሁለት፤ ልሂድ።