መልስ እስኪመጣ ይጠብቁ የነበሩት መምህር ወንዳፈራሁ

መምህር ወንዳፈራሁ አባይነህ ከአባታቸው ከአቶ አባይነህ ወዳጆና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች ኪዳነ ወልድ ሚያዝያ 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በግሼ፣ ከራቤል ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ራቤል ተማሩ፤ በመምህርነት ሠልጥነውም ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት 2010 ዓ.ም. ድረስ ለጀማሪ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተማሩ።

አስተማሪነታቸው እንደ ሌላው አልነበረም። ሰሌዳ ሞልተው ከማስገልበጥ ይልቅ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው ፊት ለፊት ያስቀምጡና አንዱ በግ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ ሆኖ በእንግሊዝኛ እንዲከራከሩ ያደርጉ ነበር። በጎረቤት ክፍል ያሉ መምህራን ጫጫታው አላስተምር አለን ብለው ከሰሷቸው፤ ወላጆችም የልጆቻቸውን ባዶ ደብተር አይተው አኮረፉ። እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም። ቁጥሩ ጎዶሎ ሆኖ አንድ ልጅ ብቻውን ሲቀር፣ በርጩማ ስበው ራሳቸው ጥንዱ ይሆኑ ነበር። ልጁ ሲንተባተብም ቃሉን ከአፉ አይነጥቁትም፤ መልሱ እስኪመጣ ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር። እንዲህ ብቻቸውን ይቀሩ ከነበሩት አንዷ የእህታቸው ልጅ ጥሩሸዋ ናት።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይዘንጋሽ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ወይዘሮ ይዘንጋሽ በሁለተኛው ዓመት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ፤ ሕፃኑም አልተረፈም። መምህር ወንዳፈራሁ ከዚያ በኋላ ሌላ ትዳር አልያዙም። ሰባ ልጅ ሲያነጋግሩ ውለው የሚያናግራቸው ወደሌለበት ቤት ይመለሱ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ዘመዶቻቸው ከንፈር ከመምጠጥ በቀር አዘውትረን አልጠየቅናቸውም።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ጠያቂ ሁሉ የጀመሩትን ቃል እየቀማ ሲጨርስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። በመጨረሻ ጥሩሸዋ ከምትኖርበት ከዘመሮ መጥታ በርጩማ ሳበች። ኩባያውን ከፍ አድርጋ ምን እንደሆነ ትጠይቅና ትጠብቅ ነበር። አንዱን ቃል ለማግኘት አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። በአምስት ወር አሥራ አንድ ቃል መለሱ፤ አንዱ የባለቤታቸው ስም ነበር።

መጋቢት 9 ቀን ጠዋት እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እሷም እንደ ልማዷ ጠበቀች። መልሱ ሳይመጣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ።

እህታቸው ወይዘሮ ሰብለወንጌል፣ የእህታቸው ልጅ ጥሩሸዋና ቁጥራቸውን የማናውቀው ተማሪዎቻቸው ሐዘን ላይ ናቸው። አምላካችን ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል፣ ከጎናቸው ሰው በማይጠፋበት ስፍራ ያኑርልን። አሜን።