ለአሥራ ሦስት ቀን «ሁለት ቀን» ብዬ ስለ ጻፍኩበት ጉዳይ

ለክቡር ኢንጂነር ሐዚም
የሕሙማን ቀጠሮ ማስታወሻ መተግበሪያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ዐማን

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ዓይንዎም ከሩቅ የሚያነብ እንዲሆን እመኛለሁ። በአደባባይ መጻፌ፣ በግል የላክኋቸው ማመልከቻዎች ውድ ጊዜዎን እንዳባከኑብዎ ስለ ተረዳሁ ነው።

፩. ዐረብኛችን ለዜሮ፣ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ከሦስት እስከ አሥር፣ ከአሥራ አንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ፣ ከመቶ ጀምሮም ላለው ቁጥር የየራሱ አጻጻፍ ስላለው፣ የመተግበሪያዎን መልእክቶች ከእንግሊዝኛ የምተረጉመው እኔ ለእያንዳንዱ መልእክት የየቁጥሩን አጻጻፍ የምሞላበት ስድስት ባዶ ሳጥን እንዲከፈትልኝ ባመለክት፣ «እንግሊዝኛ በሁለት በቅቶት ዐረብኛ ምን ቤት ነው ስድስት የሚጠይቀው?» ብለው ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱን ተቀብዬ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

፪. አንዱ ሳጥን ለ«አንድ»፣ ሌላው ለቀረው ቁጥር ሁሉ ነበር። ለናሙና በላኩልኝ ምስል ላይ የሚታየው ቁጥር ሁለት ስለ ነበረ፣ በቋንቋችን «ሁለት ቀን» የምትለዋን አንዲት ቃል ጻፍኩ፤ ቃሏ ሁለትነትን በራሷ ስለምትይዝም መተግበሪያው ትክክለኛውን ቁጥር የሚያስገባበትን ቦታ አጠፋሁት። ሰዋስው አሳመርኩ ብዬ ኮራሁ። መተግበሪያዎም ዘጠኝ ቀን ለቀረውም፣ ሃያ ቀን ለቀረውም «ሁለት ቀን ይቀርዎታል» እያለ ይልክ ጀመር።

፫. ኡስታዝ ነውዋፍ ከዐማን ርቃ በምትገኘው በጠፊላ ከተማ ዐረብኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው አሥራ ሦስት ቀን ሲቀራቸው መልእክትዎ ደረሰ፤ ምራታቸው አነበበችላቸው። በሁለተኛው ቀን እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ በሚኒባስ ተንገላተው ዐማን ገቡ። እንግዳ ተቀባይዋ አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ሐጂ፣ መቁጠር አይችሉም እንዴ? ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀርዎታል እኮ!» አለቻቸው። አርባ ዓመት ያስተማሩት ሰው ይቅርታ ጠይቀው ወጡ።

በማግስቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እነዚህ ማሽኖች ቋንቋችንን ሲሰባብሩት አላምናቸውም ነበር። ይኼኛው አስተካክሎ ስለ ጻፈ አመንኩት። መቼም የጻፈው ሰው የተማረ ነው» አሉኝ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። «አይዞዎት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አራት ቀን አፍኜው ከረምኩ። በአምስተኛው ቀን ጠፊላ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሁለት ሳጥን እንደማይበቃ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር፣ ኡስታዝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እንጀራዬን ፈርቼ ነው ልላቸው ስል፣ ሻይ ቀድተው አቀረቡልኝ፤ ብርጭቆውን ለማንሳት እንኳ አፈርኩ።

ክቡር ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ስላሳዩኝ አባታዊ ትዕግሥትና ስለ ሳጥን ቁጠባዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ቀና ብላ መናገር ሲገባት አጎንብሳ የተረጎመችልዎ፣
ሩባ ዐዋውደህ

ማስታወሻ፦ ኡስታዝ በትክክለኛው ቀን ታክመው በደንብ እያዩ ነው። መጀመሪያ ያነበቡት ድርጅትዎ የላከላቸውን የይቅርታ ደብዳቤ ነው። «ስሕተት ተፈጽሟል» ከሚለው ሥር በቀይ አስምረው፣ «አድራጊው ማን ነው?» ብለው ጽፈውበታል። እኔ ስሜን ሞልቻለሁ። ደብዳቤውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ለእርስዎ ስም የሚሆን ቦታ ከጎኑ አለ።